አራተኛው ጥያቄ

«እንግዲህ የነገርኩህን በራስህ አባባል መልሰህ ንገረኝ።»

ነርሷ ይህችን ዓረፍተ ነገር ከማለት ብዛት በሕልሟም ሳትላት አትቀርም። ሥራዋ ነው። ሐኪሞቹ ለቁርጥማት አዲስ መድኃኒት እየሞከሩ ናቸው፤ ለሙከራው ደግሞ ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ከሕመሙ ጋር ዓመታት የኖረ፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ አልታዘዝ የሚሉት ሰው። እንዲህ ያለውን ታካሚ ከመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ፈልጎ ማግኘት፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማስረዳት፣ ሳያባብሉና ሳያስፈራሩ «ትገባለህ ወይስ ይቅርብህ?» ብሎ መጠየቅ የእሷ ድርሻ ነው። ካስረዳች በኋላ አራት ጥያቄ ትጠይቃለች። አራቱንም አጥርቶ የመለሰ እስክሪብቶ ይሰጠዋል። አንዷን የሳተ ግን ያን ቀን አይፈርምም፤ ቤቱ ሄዶ፣ አስቦበት፣ ሌላ ቀን ይመጣና ከሀ ጀምሮ ይብራራለታል። «ያልገባውን ሰው ማስፈረም የተኛ ሰው ኪስ እንደ መበርበር ነው» ይላል ዋናው ሐኪም፤ ይህን ሲል ደግሞ አይስቅም።

አሁን ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው የዚሁ ሆስፒታል የሊፍት ጠጋኝ ነው። ግቢው በሙሉ «ባለሊፍቱ» ይለዋል። ሰፊ ትከሻ፣ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ከጥፍሩ ሥር በምንም ሳሙና የማይለቅ ግራሶ ያለው፣ ለሠላሳ አምስት ዓመት የቀረበ ወንደላጤ። ቁርጥማቱ የያዘው ገና በጎረምሳነቱ ነው። ለዚህ ማብራሪያ ሲመጣ የዛሬው ሦስተኛው ሐሙስ ነበር።

«ጥናቱ አዲሱ መድኃኒት ከድሮው ይሻል እንደሆነ ለማየት ነው» ሲል ጀመረ ባለሊፍቱ። «እኔን ለማዳን ተብሎ የተደገሰ አይደለም። ካዳነኝ እሰየው።»

«ጎሽ። ሁለተኛውስ?»

«የምውጠው ክኒን መድኃኒቱ ይሁን መልኩ ብቻ መድኃኒት የሚመስለው ባዶው፣ እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ፣ ዶክተሩም አያውቅ። ሦስተኛ፣ ቢጎዳኝ ቀንም ሆነ ሌሊት እደውላለሁ፤ በነፃ ታክሙኛላችሁ።»

ነርሷ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። «አራተኛው። ከገባህ በኋላ በቃኝ ብለህ ትተህ መሄድ ትችላለህ?»

ባለሊፍቱ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ዓይኑን ከጥግ ጥግ አንከራተተ። ከዚያ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ፣ «አልችልም» አለ።

«ኧረ ባክህ! መጀመሪያ የመጣህ ዕለት በአውቶቡስ ምሳሌ አላስረዳሁህም? ሰው ተሳፈረ ተብሎ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዳል? ወራጅ አለ ብሎ ይወርዳል እንጂ። እሺ፣ በራስህ ሙያ ልንገርህ። ሰው ስድስተኛ ፎቅ ልሄድ ብሎ ሊፍት ውስጥ ገባ። ሐሳቡን ቢቀይር ሦስተኛው ላይ መውረድ ይችላል አይችልም?»

«መብራት ከሄደ አይችልም፣ ሲስተር። ከእኔ ወዲያ ይህን ማን ያውቃል!»

ሳቋ አመለጣት። ነርሷ በሥራ ላይ የምትስቀው ሳቅ አላት፤ ጨዋ፣ ልክ ያላት፣ ጥርስ የማታሳይ። ይቺ ግን እሷ አልነበረችም። ይቺ ከሆዷ ነው የወጣችው።

ከጥያቄው በኋላ እጁን መቁጠር ነበረባት። የጥናቱ ደንብ ነው፤ የእያንዳንዱን ጣት መገጣጠሚያ በአውራ ጣት ጫን እያሉ የሚያመውንና የማያመውን ይለያሉ። ነርሷ የስንት ሰው እጅ እንዲህ አድርጋ እንደያዘች እግዜር ይወቀው። «እዚህ ያማል? እዚህስ?» ትላለች። ሌላው ሰው «ኡፍ» ይላል ወይም ክንዱን ይነጥቃል። ባለሊፍቱ ግን አንድም ቀን ያማል ብሎ አያውቅም፤ ሲያመው የግራ ዓይኑን ብቻ ርግብ ያደርጋል። እሷም መጠየቁን ትታ ዓይኑን ማንበብ ተምራለች። እንዲህ እጁን ይዛ ዓይኑን ስታነብ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ የሚቆዩባት ያቺ ቅጽበት በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየረዘመች መጥታ ነበር።

ሲሄድ ባልደረባዋ ብቅ አለች። ይህችን ሴት ሰው ሁሉ «ሻምበል» ይላታል፤ ወታደር ቤት በደጁ አልፋ አታውቅም፣ ግን ወረፋ የምታስከብረው በዓይኗ ብቻ ነው።

«ዛሬም ወደቀ?»

«ወደቀ።»

«ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ያንን ሁሉ ሽቦ እያገናኘ ሕንፃውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይቺ አንዲት ነገር እንዴት አልገባ አለችው?»

ነርሷ የባለሊፍቱን ፋይል ዘጋች። ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ስትጽፍለት እጇ እንዴት ቀሎ እንደጻፈ አስተውላ ነበር። አንድ ታካሚ ባለመረዳቱ ደስ ተሰኝታለች። ይህ ደስታዋ ራሷን አሳፈራት፤ እፍረቱ ግን ደስታውን አላጠፋላትም።

*

ሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴት ጥቁር ቦርሳ በደረቷ አቅፋ ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። ወረፋ አልያዘችም፤ የሚገርመው ሻምበልም ዝም አለቻት።

«የወንድሜን እጅ የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ?»

«ይቅርታ፣ የማን እህት ልበል?»

«የባለሊፍቱ። እህቱም ነኝ እናቱም ነኝ። እናታችን ስታርፍ ገና ክፉና ደጉን ያልለየ ሕፃን ነበር። እታለም ነው የሚለኝ።»

«ይቀመጡ፣ እታለም» አለች ነርሷ፤ ቃሉ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው።

ሴትዮዋ ቅንድቧን አነሣች። «አንቺም እታለም አልሽኝ?» አለችና ተቀመጠች፤ ቦርሳውን ግን ከደረቷ አላወረደችም። «እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። አሁን የሚወስደው መድኃኒት አለው። ባያድነውም ደግፎ ያቆመዋል። ለእናንተ ጥናት ሲል እሱን ለአንድ ወር መተው አለበት ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ያን ወር እጁ ምን ይሆናል?»

«ሊያብጥ ይችላል። ሊብስበት ይችላል።»

«ከዚያ በኋላ ደግሞ ባዶው ክኒን ቢደርሰውስ?»

«ለጥቂት ወራት ባዶውን ይወስዳል። በጣም ከጠናበት እኛው እናስቆመዋለን። ግን ሊጠናበት ይችላል፣ አልዋሽዎትም።»

«የቆጡን አወርድ ሲል የብብቱን እንዳይጥል ነው የምፈራው» አለች እታለም። ድምፅዋ ውስጥ ጠብ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። «በዚያ እጅ ነው እንጀራችን የሚገኘው።»

ነርሷ ወረቀቶቿን አስተካከለች። ድንገት አንድ ነገር ከነከናት። «ይህን ሁሉ ማን አስረዳዎት?»

«እሱ ነዋ! እራት ላይ ቁጭ አድርጎ እንደ መምህር አስተማረኝ። እንዲህ እያደረገ» አለችና ሁለት መዳፎቿን ዘረጋች፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ። «‹ይህ መድኃኒቱ፣ ይህ ባዶው፣ እጄን ጨብጬ ብሰጥሽ የቱ የቱ እንደሆነ ታውቂያለሽ?› አለኝ።»

ነርሷ ደነገጠች። ያ የእጅ አኳኋን የራሷ ነው። ለታካሚዎች ስታስረዳ መዳፏን የምትዘረጋው እንዲያ ነው፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ።

«ደግሞ» ቀጠለች እታለም፣ «ሳለቅስበት ጊዜ እንዲህ ብሎ አጽናናኝ፤ ‹እታለም አትፍሪ። በፈለግኩበት ቀን፣ ምክንያት ሳልሰጥ፣ ማንም ሳይቀየመኝ ትቼ መሄድ እችላለሁ።›»

«መቼ ነው እንዲህ ያለዎት?»

«መጀመሪያ እዚህ የመጣ ቀን ማታ።»

ከነርሷ ጆሮ የመጠበቂያው ጫጫታ ሁሉ ጠፋ። መጀመሪያ የመጣ ቀን! እንግዲያው ያ ወደ ጣሪያ ማንጋጠጥ፣ ያ አንገት መድፋት፣ ያ «አልችልም» ሁሉ የሚያውቀውን እያወቀ ነበር። ሌላ ሐሙስ እንዲኖር ብሎ፣ ማብራሪያው እንዲደገም ብሎ፣ እጁ እንዲቆጠር ብሎ። ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ፊቷ ላይ ሲደርስ ታወቃት፤ ልትደብቀው ብላ እንኳ አልቻለችም።

እታለም ደስታዋን ቁልጭ አድርጋ አየችው። ተናዳ አይደለም፤ አዝና ነው ያየችው።

«ልጄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እጁ ስለማይታዘዝለት ጠዋት ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ የትኛውን ሸሚዝ እንደሚመርጥ አውቃለሁ። ስለ መድኃኒቱ ሲያወራ የሚያወራው ስለ አንቺ ነው። አንድ ነገር ብቻ መልሽልኝና ልሂድ። ወንድሜ እሺ የሚለው ለመድኃኒቱ ነው ወይስ ላንቺ?»

ሰውን አራት ጥያቄ ስትጠይቅ የኖረችው ነርስ ለዚህች ለአንዲቷ መልስ አጣች። ያ ፊቷ ላይ የደረሰ ደስታ እዚያው ሳለ ቀዘቀዘ።

*

ዋናው ሐኪም መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን በመዳፉ አሸ። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ የሚፈለገው ሰው ገና አልሞላም። ይህን እሷም ታውቃለች።

«ወደድሽው?»

«ወደድኩት» አለች ነርሷ። ይህን ቃል ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው፤ የሰማት ግን የሚመለከተው ሰው አይደለም።

«ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

ሐኪሙ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ሌላ ሰው ቢሆን አስፈርሞት ዝም ይል ነበር። አንቺ መጥተሽ ነገርሽኝ፤ አመሰግናለሁ። ፋይሉን ለሻምበል አስረክቢ። እሱ ይግባም ይቅርም ራሱ እስኪወስን ድረስ ግን አንዲት ቃል እንዳትነግሪው። ብትነግሪው፣ እሺም ቢል እምቢም ቢል ያንቺ ነው የሚሆነው፤ የእሱ አይሆንም።»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠላት።

ሐሙስ ባለሊፍቱ ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ መጣ፤ ቁልፉ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከተለመደው ወንበር ላይ ሻምበልን ሲያይ ፈገግታው አፉ ላይ ቀረ። ዓይኑ ክፍሉን ዞረና ከመስታወቱ ማዶ፣ ካርድ ከሚደረደርበት ክፍል ውስጥ ነርሷን አገኛት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ምን ሆንሽ ነው የሚለው ያ ዓይን። ልትስቅለት ፈልጋ ነበር። እጇን ልታወዛውዝለት ፈልጋ ነበር። የሐኪሙ ቃል ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች። የደረደረችውን ካርድ አፍርሳ እንደገና ደረደረች።

ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነበር።

«ምን አለ?» ብላ ሮጣ ወጣች።

ሻምበል ግራ ተጋብታ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች ነበር። «አራቱንም መለሰ። በአንድ ትንፋሽ! ያ ውኃ ቢወቅጡት ያልኩት ሰውዬ! እስክሪብቶ ሰጠሁት፤ ያዘው፤ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው። ‹ሲስተርን አሁን ገባኝ በይልኝ› ብሎ በደረጃው ወረደ። በሊፍቱ እንኳ አልሄደም።»

«ሌላስ? ሌላ ምንም አላለም?»

«ሌላማ…» ሻምበል ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹እዚህ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ነው እንዲያ የምትስቀው?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ሥራዋ ነው አልኩት። ምን ልበል ታዲያ! ሥራሽ አይደለም እንዴ?»

ነርሷ አግዳሚው ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ሳቋን ወጥመድ አድርጎ ቆጥሮታል። እጁን ይዛ ዝም ያለችባቸውን ቅጽበቶች ሁሉ ማባበያ አድርጎ ቆጥሮታል። አልፎም፣ እጁ እንደሚብስበት ስላወቀች ሸሸችኝ ብሎም ይሆናል። የቱንም ቢያስብ አይፈረድበትም፤ አንገቷን የደፋችው እሷ ናት።

ሻምበል የሆነው ነገር ቀስ ብሎ ገባትና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም እንደ ታካሚ ወረፋ የሚጠብቁ መሰሉ። «እኔ ደንብ አክባሪ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ «ግን ስሚኝ። አኩርፎ የሄደ ሰው መርጦ ሄደ አይባልም። ዶክተሩ ዝም በይ ያለሽ ሰውየው በራሱ እንዲወስን ብሎ ነው። አሁን የወሰነለት ግን ዝምታሽ ሆነ።»

ነርሷ እንባዋን በነጭ ጋውኗ እጅጌ ጠረገች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሐኪሙ ክፍል ሄደች፤ ለመጠየቅ ሳይሆን ልነግረው ነው ለማለት።

*

በነጋታው ጠዋት ደረጃውን እስከ መጨረሻው ፎቅ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ጠባብ የብረት መሰላል አለ፤ ከመሰላሉ ላይ ደግሞ የሊፍቶቹ ሞተር የሚቀመጥበት ክፍል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጡ ግራሶ ግራሶ ይሸታል፤ ትልልቆቹ መዘውሮች በዝግታ ይዞራሉ፣ ሽቦዎቹ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ጨለማው ይወርዳሉ።

ባለሊፍቱ ጀርባውን ሰጥቷት አንዱን የመቆጣጠሪያ ሳጥን በካቻቢቴ ይፈታ ነበር። ኮቴዋን ሰማ፤ አልዞረም።

«እዚህ መግባት ክልክል ነው፣ ሲስተር።»

«ለሁሉም አልስቅም» አለች ነርሷ።

ካቻቢቴው ባለበት ቆመ።

«ማስረዳት ሥራዬ ነው» አለች። «እጅ መቁጠርም ሥራዬ ነው። አንተ በተሳሳትክ ቁጥር ግን ደስ ይለኝ ነበር። ይህኛው ሥራዬ አይደለም። ሐሙስ እስኪመጣ ሳምንቱን እንደ ዓመት መግፋትም ሥራዬ አይደለም።»

ዞረ። ያን ጊዜ ነው ሸሚዙን ያየችው። ቁልፎቹ ተዛንፈዋል፤ የላይኛው ቁልፍ በታችኛው ቀዳዳ ገብቶ አንደኛው የአንገት ክፋይ ወደ ጆሮው ተሰቅሏል። ዛሬ እታለም አልቆለፈችለትም። ከሷም ጋር ተኳርፎ፣ በእነዚያ ጣቶች ራሱ ሲታገል ነው የነጋለት። ነርሷ ምን ያህል እንደተጎዳ ከሸሚዙ አነበበች።

«እያወቅክ ነበር የምትሳሳተው» አለችው።

«ማን ነገረሽ?»

«እታለም።»

«እሷ ደግሞ ነገር አትይዝም» አለና እንደማፈር ብሎ ካቻቢቴውን ከእጅ እጅ አዛወረ። «ምን ላድርግ? አራቱን ብመልስ ታስፈርሚኝና ወደሚቀጥለው ሰው ትሄጃለሽ። ካንቺ ጋር የምታገናኘኝ ያቺው አንዲት ጥያቄ ነበረች። እሷን ከመለስኩ ምን ይቀረኛል?»

«ይህን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብታውቅ! ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ለእኔ ብለህ ገብተህ፣ መድኃኒትህን ትተህ፣ ያ ወር መጥቶ ጣቶችህ ባይዘረጉልህ፣ በየማለዳው ይህን ያደረገብህ ማነው? እኔ ነኝ። ፋይልህን የሰጠሁት ለዚህ ነው። አንገቴን የደፋሁት ለዚህ ነው። ከሕመምህ አልሸሸሁም። ራስህ እስክትወስን ዝም በይ ተብዬ ነው።»

«ታዲያ አሁን ለምን መጣሽ?»

«ዝምታዬም እየወሰነልህ እንደሆነ ስላየሁ።» አንድ እርምጃ ቀረበች። እንባዋ ወርዷል፤ አልጠረገችውም። «እወድሃለሁ። ብትገባም እወድሃለሁ፤ ብትቀርም እወድሃለሁ። ብትገባ ፋይልህን አልነካም፣ እጅህንም ሌላ ሰው ነው የሚቆጥረው፤ ለዶክተሩ ነግሬዋለሁ። ብትቀር ደግሞ ማንም አይቀየምህም። ለእኔ ብለህ ግን እንዳትገባ። ለእኔ ብለህም እንዳትቀር። ስለ እጅህ አንተው ወስን፤ እኔ ከሁለቱም ማዶ አለሁልህ።»

መዘውሩ ዞረ። ከታች የሆነ ሰው ሊፍት ጠርቶ ነበር። ሽቦዎቹ ውጥር ብለው ሄዱና ቆሙ። ባለሊፍቱ ቀኝ እጁን አነሣና እንደማያውቀው ዕቃ አገላብጦ አየው።

«ዛሬ ማለዳ ከዚህ እጅ ብሎን ወደቀች» አለ። «በዚህች ቀዳዳ እስከ ምድር ቤት ስትወርድ፣ ግድግዳውን እየነካች፣ ድምፅዋን እየሰማሁ ቆምኩ። ከታች ሰው አልነበረም። ሌላ ቀን ሊኖር ይችላል። የድሮው መድኃኒት ደግፎ አቁሞኛል ትላለች እታለም፤ እሷ ያላየችው ግን እጄ ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። እዚህ ቆሜ አሰብኩት። ባዶው ክኒን ቢደርሰኝም፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው መንገዱ ይታወቃል። መድኃኒቱ ቢደርሰኝ ደግሞ… ብቻ ሳትመጪ ወስኛለሁ። እገባለሁ። ነገ ወርጄ ሻምበል ፊት እፈርማለሁ።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ላንቺ ብዬ አይደለም» አለ ባለሊፍቱ። «ላንቺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኬን ስሳሳት እኖር ነበር።»

በሳቅና በለቅሶ መካከል ያለ ድምፅ ከነርሷ ጉሮሮ ወጣ። ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም። የሚመጣውን ወር አስቀድማ እያየችው ነበር፤ ያበጡትን ጣቶች፣ የማይጨበጠውን ማንኪያ፣ ያልተቆለፈውን ሸሚዝ። ሆኖም ውሳኔው የእሱ ነው፤ ከአፉ ሲወጣ የማንም እጅ የለበትም። ለዚህ ነበር ስትፈራ የከረመችው፤ ይህን በማየቷ ከልቧ ላይ አንድ ከባድ ነገር ወረደ።

«አሁን ተራው የኔ ነው» አለ ባለሊፍቱ። የመሣሪያ ሳጥኑን ክዳን በጨርቅ ወልውሎ ጎተተላት። «ተቀመጪ፣ ሲስተር። እኔም የማስረዳሽ አለኝ።»

ተቀመጠች። እሱ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ሊል ጎንበስ አለና ጉልበቱ እንቢ ሲለው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፊቱ ላይ ጨዋታ አልነበረም።

«አንደኛ፣ ይህ በሽታ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። ከእኔ ጋር ነው የሚያረጀው። ሁለተኛ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ይህ እጅ ምን እንደሚመስል እኔም አላውቅ፣ አንቺም አታውቂ፣ ዶክተሩም አያውቅ። ልጅ ቢኖረን ላነሣው እችል እንደሆነ አላውቅም። ሦስተኛ፣ ሲያመኝ ክፉ ነኝ። እታለምን ጠይቂያት፤ ትናንት ማታ እራቴን ትቼባት ገባሁ፣ ጠዋትም ሳልሰናበታት ወጣሁ። አራተኛ…»

 የግራ ዓይኑ ርግብ አለ። ነርሷ ያችን ምልክት ታውቃታለች።

«አራተኛ፣ በፈለግሽበት ቀን፣ ምክንያት ሳትሰጪ፣ እኔም ሳልቀየምሽ፣ ትተሽኝ መሄድ ትችያለሽ። ይህን አውቀሽ እንድትገቢ ነው የምፈልገው። ሰው አዝኖልኝ አጠገቤ እንዲቀመጥ አልፈልግም።» ትንፋሽ ወሰደ። «እንግዲህ የነገርኩሽን በራስሽ አባባል መልሰሽ ንገሪኝ።»

ነርሷ ጉንጮቿን ጠረገች። እንደ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«በሽታህ ከአንተ ጋር ያረጃል» አለች ቀስ ብላ። «እኔም አብሬው አረጃለሁ። የዛሬ አሥር ዓመት እጅህ ምን እንደሚመስል ማናችንም አናውቅም፤ የእኔም ምን እንደሚመስል አናውቅም። ልጁን አንተ ካላነሣኸው እኔ አንሥቼ ክንድህ ላይ አስቀምጥልሃለሁ። ሲያምህ ክፉ ትሆናለህ፤ ዓይንህን አይቼ ቀድሜ አውቅብሃለሁ። ዛሬ ቤት ስትገባ እታለምን ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

«ጎሽ» አለ ባለሊፍቱ በቀጭን ድምፅ። «አራተኛው? ትተሽኝ መሄድ ትችያለሽ?»

መልሱን ታውቀዋለች። ለስንት ሰው አስረድታዋለች፤ በአውቶቡስ ምሳሌ፣ በሊፍት ምሳሌ። ወደ ጣሪያው ቀና አለች። እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ዓይኗን ከጥግ ጥግ አንከራተተች። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«አልችልም።»

ባለሊፍቱ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረና ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

«ተሳስተሻል፣ ሲስተር» አለ።

«እንግዲያው ዛሬ አልፈርምም» አለች ነርሷ። «ነገ እመጣለሁ፤ እንደገና ይብራራልኛል።»

ተነሥታ ሸሚዙን በዓይኗ ጠየቀችው። እሱም ዝም ብሎ ቆመላት። የተዛነፉትን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ አንድ በአንድም ወደየቦታቸው መለሰች። ስትጨርስ እጁን ያዘችው፣ ግራሶውን ከነሙቀቱ። ያን እጅ ሳትቆጥረው ስትይዘው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።